መልስ፦ ለአዲስ የኮራል አኳሪየም አጽጂ እንስሳትን ስለመምረጥ

ለገጣፎ በሚገኘው ቤትዎ ያቋቋሙት የ200 ሊትር የጨው ውኃ አኳሪየም ቡናማ ነገር ስለለበሰ፣ የትኞቹን ቀንድ አውጣዎችና ሸርጣኖች መግዛት እንዳለብዎ ጠይቀዋል። ቡናማው ነገር ዳያቶም የተባለው ጥቃቅን አልጌ ሳይሆን አይቀርም፤ በአዲስ አኳሪየም የተለመደ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ስለዚህ አይቸኩሉ፤ በአዲስ አኳሪየም ውኃ ውስጥ የሚፈጠሩት መርዛማዎቹ አሞኒያና ናይትራይት ተለክተው ዜሮ እስኪሆኑ ድረስ ምንም እንስሳ አያስገቡ።

ከዚያ በኋላ ለመጀመሪያው ዙር ከሦስት እስከ አምስት ትሮከስ ቀንድ አውጣዎች ይበቃሉ፤ ሻጭ ብዙ እንዲወስዱ ቢገፋፋዎትም እንኳ አዲስ አኳሪየም ብዙ አፍ የሚቀልብ አልጌ የለውም። ትሮከስን የማስቀድመው መስታወቱንና ድንጋዩን ከማጽዳቱም በላይ፣ ሲገለበጥ ራሱን ማቃናት ስለሚችል ነው፤ አስትሪያ የተባለው ቀንድ አውጣ ግን አሸዋ ላይ በጀርባው ከወደቀ፣ ደርሶ የሚያቃናው ካላገኘ፣ ብዙውን ጊዜ እዚያው ሞቶ ውኃውን ይበክላል። ናሳሪየስ የተባለው ቀንድ አውጣ ደግሞ አልጌ አይበላም፤ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ መተንፈሻ ቱቦውን ብቻ ብቅ አድርጎ የዓሣ ምግብ ትራፊ ስለሚጠብቅ፣ ዓሣ ሳይገባ እሱን መግዛት ማስራብ ነው። በባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ የሚኖረው ኸርሚት ሸርጣን ቅርፊታቸውን ለመውሰድ ሲል ቀንድ አውጣዎችን ሊገድል ስለሚችል፣ የግድ ከፈለጉት ትርፍ ባዶ ቅርፊቶች ያስቀምጡለት።

ቀንድ አውጣዎች ድንገተኛ የጨዋማነት ለውጥን ስለማይችሉ፣ የአኳሪየሙን ውኃ በቀጭን ቱቦ ወደመጡበት ዕቃ ጠብ ጠብ እያደረጉ ያለማምዷቸው። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ይገድላቸዋልና አኳሪየሙ ውስጥ ፈጽሞ አይጨምሩ። በአካባቢዎ መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ፣ ከእንስሳቱ በፊት በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይግዙ።