የእግር ደም ስርን በሌዘር ስለመታከም፣ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ከሁለተኛ ልጅሽ በኋላ የእግርሽ ደም ስር ተገትሮ ወጣ፣ ሐኪሙም ሌዘር አለሽ። ያምማል ወይ? ደሙስ በየት ያልፋል? ተመልሶ ይመጣል ወይ? ነው ጥያቄሽ። እኔ እዚህ ቨርጂኒያ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ መቆም ነው። ግራ እግሬን በሌዘር ታክሜያለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ዶፕለር አልትራሳውንድ (ደሙ ወዴት እንደሚፈስ በስክሪን የሚያሳየውን ምርመራ) ተነስተሻል? ዋናው እሱ ነው። ባትሽ ላይ ተጠማዞ የሚታየው ደም ስር ብዙ ጊዜ የችግሩ ምንጭ አይደለም። ምንጩ በእግርሽ የውስጥ ጎን ከብሽሽት እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው ረጅሙ ደም ስር ሊሆን ይችላል። ደም ወደ ልብ ሲወጣ እንዳይመለስ የሚይዙት ቫልቮች ሲላሉ ደሙ ቁልቁል ይመለስና ይጠራቀማል። አቁመው ነው የሚያዩሽ። ባትሽን ጨመቅ አድርገው ሲለቁት ደሙ ሲመለስ ስክሪኑ ላይ ቀለሙ ይቀየራል። ይህን ሳያይ "ነገ ነይ፣ ሌዘር እንሥራ" የሚልሽ ካለ ሌላ ሐኪም አማክሪ።

ሕመሙን በተመለከተ፣ ሌዘሩ እምብዛም አይሰማም። የሚያስለቅሰው ማደንዘዣው ነው። ጉልበትሽ አካባቢ ወግተው ቀጭን ፋይበር ደም ስሩ ውስጥ ያስገባሉ። ከዚያ ማደንዘዣውን በደም ስሩ ዙሪያ ከታች እስከ ላይ በመርፌ ይሞሉታል። ጭንሽ ይወጠራል፣ ይቀዘቅዛል። መነጽር ያደርጉልሽና ፋይበሩን ቀስ እያሉ ይስቡታል፤ ሙቀቱ ደም ስሩን ይዘጋዋል። እኔ አፌ ላይ የተቃጠለ ነገር ጣዕም መጥቶብኝ ነበር። ነርሷ "ያጋጥማል" አለችኝ። ሲያልቅ በእግርሽ ትሄጃለሽ።

ለደሙ አታስቢ። አብዛኛው የሚያልፈው በጥልቆቹ ደም ስሮች ነው፤ የተዘጋው ቀድሞም ሥራውን ትቷል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀላል ናቸው። ሳምንት አካባቢ ግን ጭንሽ ውስጥ ገመድ የተወጠረ ይመስልሻል፣ ይበልዛልም። እሱ የተለመደ ነው፤ እንዲያውም መራመድ ጥሩ ነው። ባትሽ በድንገት ካበጠና ካመመሽ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ግን እዚህ ግሩፕ ላይ አትጻፊ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። የአዲስ አበባ ትኬትም ቶሎ አትቁረጪ፤ ረጅም በረራ ለጥቂት ሳምንታት ይከለክላሉ።

የተዘጋው አብዛኛውን ጊዜ እንደተዘጋ ይቀራል፤ በሌላ በኩል ግን አዲስ ሊወጣ ይችላል። ሦስተኛ ልጅ ካሰብሽ ንገሪያቸው፤ ብዙዎቹ ከወለድሽ በኋላ ይሻላል ይላሉ። የሸረሪት ድር የመሰሉት ቀጫጭኖቹ በዚህ አይጠፉም፤ የራሳቸው መርፌ አላቸው። እሱን ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ለውበት ነው ብሎ አይከፍልም።

ኢንሹራንስ ካነሳን፣ ብዙዎቹ ለሌዘሩ ከመክፈላቸው በፊት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እግርን ጨምቆ የሚይዘውን ካልሲ አድርጊ ይሉሻል። ደረሰኙን ያዢ። ጠዋት እግርሽ ሳያብጥ፣ ከአልጋ ሳትወርጂ አጥልቂው። የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አድርገሽ ሳቢው፤ አለዚያ ጥፍርሽ ነው የሚያልቀው።