የአክስትሽ ኤሊና የሚመጣው ብርድ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አክስትሽ ርቀው ስለሄዱ ኤሊያቸው አንቺ ጋ ቀርታለች። ብርዱ እየተቃረበ ነው። ኤሊዋ ምግብ ቀንሳለች፣ ጥግ ይዛ ትውላለች። አንቺ ደግሞ "የብርድ ወራት እንቅልፏ መጥቶ ነው መሰለኝ፣ ሣጥን ውስጥ ገለባ አድርጌ ጨለማ ቦታ ላስቀምጣት?" ብለሻል። መጀመሪያ ይቺን ያዢልኝ፦ ዛሬ ሣጥን ውስጥ አታስገቢያት። ሌላውን ረጋ ብለን እናየዋለን።

እኔ የአጎቴን ኤሊ ተረክቤ ብዙ የብርድ ወራት አብሬያት አሳልፌአለሁ። ያስተኛኋት ጊዜ አለ። ሳትተኛ በመብራትና በሙቀት ያሳለፈችው ጊዜም አለ። ከሁለቱም ደህና ሆና ወጥታለች። ኤሊን የሚጎዳት መተኛቷም መንቃቷም አይደለም፤ መሐል ላይ መቅረቷ ነው። አሁን ያንቺዋ ኤሊ ያለችው እዚያ መሐል ላይ ይመስለኛል፣ ለዚህ ነው ረጅም የምጽፍልሽ።

ኤሊ እንደኛ የራሷን ሙቀት አታመነጭም። ሰውነቷ የሚሠራው በዙሪያዋ ባለው ሙቀት ልክ ነው። ሲሞቃት ትበላለች፣ የበላችው ይፈጭላታል፣ ትንቀሳቀሳለች። ወደ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስትወርድ ደግሞ ልቧም ትንፋሿም እጅግ ይዘገያል፣ ያጠራቀመችውን ስብና ውሃ ቆጥባ ቆጥባ ትጠቀማለች። ትክክለኛው እንቅልፍ ይሄ ነው። አሁን ቤትሽን አስቢው። በብርድ ጊዜ በደንብ ያልሞቀ ክፍል 12፣ 15፣ 18 ዲግሪ ቢሆን ነው። ይሄ ለመተኛት ይበዛል፣ ለመብላት ደግሞ ያንሳል። ስለዚህ አትበላም፣ ግን ጉልበቷን ትጨርሳለች። አትጠጣም፣ ግን ሰውነቷ ይደርቃል። በሽታ የመከላከል አቅሟም ይወድቃል። ለሚያያት ሰው የተኛች ትመስላለች፣ እውነቱ ግን ቀስ በቀስ እየደከመች ነው። "ሳሎን ጥግ ላይ ራሷ ትተኛለች፣ ተዪያት" የሚሉሽ ሰዎች አይጠፉም። እኔንም እንስሳ የሚሸጥ ሰው እንዲሁ ብሎኝ ነበር። እባክሽ አትስሚያቸው።

ዛሬውኑ አክስትሽ ጋ ደውዪ። የመጀመሪያው ጥያቄ የኤሊዋ ዓይነት ነው፣ ሁሉም ኤሊ በብርድ ወራት አይተኛምና። የኸርማን ኤሊ፣ የግሪክ ኤሊ የሚባለው፣ የሆርስፊልድ ወይም የሩሲያ ኤሊ የሚባለው በተፈጥሯቸው የሚተኙ ናቸው። ሱልካታ፣ ሌፓርድ፣ የሕንድ ኮከብ ኤሊና ቀይ እግር ኤሊ ግን አይተኙም። የመጡበት አገር እንዲህ ያለ ረጅም ብርድ የለውም፣ ሰውነታቸውም አልተሠራለትም። እነሱን ቀዝቃዛ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ መርሳት መግደል ነው።

አክስትሽ ዓይነቷን ካላወቁት ራስሽ ተመልከቻት። በእያንዳንዱ የፊት እግሯ ላይ ጥፍሮቿ አራት ብቻ ከሆኑ ሆርስፊልድ ልትሆን ትችላለች። የጭራዋ ጫፍ ላይ ጥፍር የሚመስል ጠንካራ ቀንድ ካለ ወደ ኸርማን ያደላል። ከጭራዋ ግራና ቀኝ ጭኖቿ ላይ እሾህ መሳይ ጉጥ ካለ ብዙ ሰው "በቃ የግሪክ ኤሊ ናት" ይላል። እዚህ ጋ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ሱልካታም ጭኑ ላይ እንዲህ ዓይነት እሾህ አለው፤ አንዱ የሚተኛ፣ ሌላው የማይተኛ ስለሆነ በዚህ ምልክት ብቻ ከወሰንሽ ስህተቱ ከባድ ነው። ዓይነቷን የሚያውቅ ሐኪም ሳያረጋግጥልሽ ለማስተኛት እንዳታስቢ።

ከዚያ ዕድሜዋን ጠይቂያቸው። ባለፈው ብርድ ተኝታ ነበር ወይ? የት ነው የተኛችው? ለምን ያህል ጊዜ? ከመተኛቷ በፊት ክብደቷ ስንት ነበር፣ ስትነቃስ? "ሁልጊዜ ራሷ ትተኛለች" ካሉሽ በዚያ አትርኪ። የት እንደሆነ፣ ክፍሉ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ "ራሷ ትተኛለች" የሚባለው ያ የነገርኩሽ መሐል ላይ መቅረት ነው፤ እስከዛሬ ስለተረፈች ብቻ ልክ ይመስላል። ሽማግሌ ዘመድን እንዲህ ጥያቄ ማብዛት ትንሽ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ግን አክስትሽም ኤሊያቸውን ስለሚወዱ ነው አንቺን አምነው የሰጡሽ። አጎቴ ክብደቷን የሚመዘግቡበት ደብተር ነበራቸው። ኤሊዋን ሲሰጡኝ እሱንም ሰጡኝ። አብሯት ከመጣው ዕቃ ሁሉ እንደዚያ ደብተር የጠቀመኝ የለም።

ከአክስት የመጣች ኤሊ መያዝ ደግሞ በአንቺ አልተጀመረም። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጊልበርት ዋይት በ1780 እ.ኤ.አ. አክስቱ ሲሞቱ ቲሞቲ የምትባል ኤሊያቸውን ወስዶ ተንከባክቧታል። መቼ አፈር ውስጥ እንደገባች፣ መቼ እንደወጣች፣ ምን እንደበላች እየተከታተለ ይጽፍ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ እንደ ወንድ ስትጠራ ኖራ ሴት መሆኗ የታወቀው ከሞተች በኋላ ነው። አንቺም ዛሬ አንድ ደብተር ያዢ። ቀን፣ ክብደት፣ የበላችው ነገር፣ ካካዋ። ሚዛኑ ግራም የሚለይ የኩሽና ሚዛን ቢሆን ይበቃል።

አሁን ወደ ሐኪም። የማስተኛት ሐሳብ ቢኖርሽም ባይኖርሽም ውሰጃት፣ ምክንያቱም ምግብ መቀነሷ የወቅቱ መለወጥ ሊሆን ይችላል፣ ሕመምም ሊሆን ይችላል፣ በዓይን ብቻ አይለይም። የቀኑ ብርሃን ሲያጥርና አየሩ ሲቀዘቅዝ ጤነኛ ኤሊም ምግብ ትቀንሳለች። አፍንጫዋ የሚፈስ ወይም አረፋ የሚያወጣ ከሆነ፣ ዓይኗ ካበጠ ወይም አልገለጥ ካለ፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ፣ አፏ ውስጥ ቢጫ ነገር ካየሽ፣ ከዓይኗ ኋላ ጆሮዋ ያለበት ቦታ ካበጠ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ። የታመመችን ኤሊ በጭራሽ ማስተኛት የለም። ካካዋንም ለምርመራ ይዘሽ ሂጂ፣ ትል ካለባት መታከም ያለባት ከእንቅልፍ በፊት ነው። ሐኪሙ የሚሳቡ እንስሳትን የሚያውቅ ይሁን። ለውሻና ለከብት የሚሰጠው አይቨርሜክቲን የሚባል የትል መድኃኒት ኤሊን ይገድላል። ቤት ውስጥ ለሌላ እንስሳ የተገዛ ቢኖር እንኳ እንዳትነኪው።

እንግዲህ የኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ ይህን ብርድ ሳትተኛ ታሳልፍ። ገና መምጣቷ ነው። ያለፈ ታሪኳን በደንብ አታውቂም፣ ክብደቷን የምታወዳድሪበት የለሽም፣ አንቺም ስትለማመጂ የመጀመሪያሽ ነው። ጤነኛ ኤሊ አንድ ዓመት ሳትተኛ ብታልፍ አትጎዳም። ባልሆነ መንገድ የተኛች ግን ላትነሣ ትችላለች።

ሳትተኛ ታሳልፍ ማለት ግን እንዲያው ቤት ውስጥ ትኑር ማለት አይደለም። በጋ አድርጊላት። ሰፊ ክፍት ሣጥን ወይም ጠረጴዛ መሳይ ነገር አዘጋጂ። በአንዱ ጫፍ የሙቀት አምፖል ይሰቀል፣ ከሥሩ ያለው ቦታ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን። ሌላው ጫፍ 20 አካባቢ ይሁን፣ ሲሞቃት የምትሸሽበት ያስፈልጋታል። ዩቪቢ፣ ማለትም በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለውን በዓይን የማይታይ ጨረር፣ የሚሰጥ አምፖልም ግድ ነው፤ ያለሱ ቫይታሚን ዲ አትሠራም፣ ካልሲየም አይያዝላትም፣ ቅርፊቷና አጥንቷ ይለሰልሳል። በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ይበቃታል እንዳትዪ፣ መስታወቱ ዩቪቢውን ያስቀረዋል። አክስትሽ የሰጡሽ አሮጌ አምፖል ካለም መቼ እንደተገዛ ጠይቂ። መብራቱ እየበራ እንኳ ዩቪቢው እየደከመ ይሄዳል፣ ስለዚህ እንደ ዓይነቱ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ ይቀየራል። መብራቱ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይብራ፣ ሌሊት ይጥፋ። ሰዓት ቆጣሪ ብትገጥሚለት ትገላገያለሽ።

ለብ ባለ ውሃ እጠቢያት። ውሃው አገጯ ድረስ እንጂ ከዚያ አይለፍ፣ 15 ወይም 20 ደቂቃ ትቆይበት። ትጠጣለች፣ ብዙ ጊዜም እዚያው ትጸዳዳለች። የኔዋ ምግብ አልቀምስ ባለችበት ጊዜ እንኳ ውሃው ውስጥ አንገቷን ዘርግታ ስትጠጣ ሳይ ልቤ ያርፍ ነበር። ሙቀቱና ብርሃኑ ከተስተካከለ ጤነኛ ኤሊ በቀናት ውስጥ ወደ ምግቧ ትመለሳለች። ሳምንት አልፎ ካልበላች ጉዳዩ የወቅት አይደለም፣ ሐኪም ይያት።

ምናልባት አክስትሽ "ኧረ በየዓመቱ ስትተኛ ነው የኖረችው፣ ዘንድሮም ትተኛ" ቢሉሽ፣ መረጃውም ካላቸው፣ ሐኪሙም ከተስማማ፣ እንዲህ ነው የሚደረገው። ሆዷ ባዶ ሆኖ ነው መተኛት ያለባት። ብርድ ውስጥ ምግብ አይፈጭም፣ ሆዷ ውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ ትንሽ ከሆነች ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ትልቅ ከሆነች ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ምግብ ይቆማል። ውሃው ግን አይቆምም፣ እንዲያውም በየቀኑ ማለት ይቻላል ትታጠባለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆዷ ውስጥ ያለው እንዲወጣላት ሙቀቱ እንዳለ ይቆያል፣ ከዚያ ሙቀቱም ብርሃኑም ቀስ እያለ ይቀንሳል። ከሞቀበት አንሥቶ በአንድ ቀን ብርድ ውስጥ መክተት የለም።

የምትተኛበት ቦታ 5 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። ከ3 እስከ 7 ባለው ውስጥ ቢወዛወዝ ችግር የለውም። ከ10 ካለፈ ትነቃለች፣ ጉልበቷን ትጨርሳለች። ከ0 በታች ከወረደ ደግሞ ዓይኗ ሊጠፋ፣ ራሷም ልትሞት ትችላለች። ጋራዥና ዕቃ ቤት የማልወደው ለዚህ ነው፣ አንድ ቀን ይሞቃል፣ በማግስቱ ይበርዳል። አይጥም አለ፣ የተኛች ኤሊን እግር ይበላል። ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች ለብቻው የተመደበ ፍሪጅ ይጠቀማሉ፣ እኔም እንደዚያ ነው ያደረግኩት። መጀመሪያ ባዶውን ለሁለት ሳምንት ያህል አስነሥተሽ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን በሚመዘግብ ዲጂታል ቴርሞሜትር ትፈትሺዋለሽ። የውሃ ጠርሙሶች ብትሞይበት ሙቀቱ አይዋዥቅም። ኤሊዋ ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ ትሆናለች፣ ከኋላው ግድግዳ ራቅ ብላ። ገለባውን ተዪው፣ ይሻግታል፣ አቧራም አለው። የተቀደደ ወረቀት ወይም ንጹሕ አፈር ይሻላል። አየር እንዲገባላት በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ በሩን ከፍተሽ ዝጊ።

በየሳምንቱ መዝኛት። አትፍሪ፣ በቀስታ ብታነሻት አትነቃም። በወር ወደ 1 በመቶ ብትቀንስ ደህና ነው፤ 1000 ግራም የነበረች 10 ግራም ማለት ነው። ድምሩ 10 በመቶ ከደረሰ፣ ማለትም 900 ከሆነች፣ በቃ ትነቃ። እኔ እንኳ እዚያ እስኪደርስ አልጠብቅም። ከተኛችበት ሽንቷን ሸንታ ካገኘሻትም ሳምንቱን አትጠብቂ፣ ያጠራቀመችው ውሃ ወጣ ማለት ስለሆነ ያንኑ ቀን አንቂያት። ለአዋቂ ኤሊ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አጭሩን ምረጪ።

ስትነቃ ሣጥኗን ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ታቆዪዋለሽ፣ ከዚያ ለብ ያለ ውሃ፣ ከዚያ አምፖሉ ሥር። መጀመሪያ የሚያስፈልጋት መጠጣት ነው። በሳምንት ውስጥ መብላት አለባት። አንዴ ከነቃች ደግሞ ውጭው ገና ብርድ ነው ብለሽ መልሰሽ አታስተኚያት፣ መብራቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃት።

አሁን የጭራዋን ጫፍ፣ የፊት እግሯን ጥፍሮችና የሆዷን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ ክብደቷንና የክፍሉን ሙቀትም ጻፊልኝ። ሐኪም ጋ እስክትደርሺ ምን ዓይነት እንደሆነች አብረን እንገምታለን፣ አምፖሉን ግን ዛሬ ማታ ስቀዪላት።