የመጋዘኑ ሙቀት የት ይነበብ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለበቆሎ መጋዘን ሙቀት መለኪያ የሊኑክስ ድራይቨር (መሣሪያውን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) እየጻፍኩ ነው። የሴንሰሩን ስም፣ ሙቀቱንና የስህተቱን ብዛት ፕሮክ (/proc) በሚባለው የሊኑክስ ማውጫ ውስጥ አንድ ፋይል ላይ ልዘረግፈው አሰብኩ። ጓደኛዬ ግን «ተው» አለኝ። ምን ይመክሩኛል? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው፣ ተው! ፕሮክ በመሠረቱ የፕሮሰሶች፣ ማለትም እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞች፣ ቤት ነው። ድሮ ድራይቨሩ ሁሉ ያሻውን እየወረወረበት የቡሬ ገበያ አስመስሎት ነበር። በፈረንጆቹ 2003 ሊኑክስ 2.6 ሲወጣ የመሣሪያዎች መረጃ በፋይል የሚነበብበት ሲስኤፍኤስ (/sys) አብሮ መጣ። ደንቡ አጭር ነው፦ ለአንድ ፋይል አንድ ዋጋ።

ለሙቀት ደግሞ አዲስ መንገድ አትጥረግ። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ ለሙቀትና ለመሰል መለኪያዎች የተሠራ ኤችደብሊውሞን (hwmon) የሚባል ክፍል አለልህ። ድራይቨርህን እሱ ጋር አስመዝግበው። የሴንሰሩ ስም ሲስኤፍኤስ ውስጥ «ኔም» (name) በሚባል ፋይል፣ ሙቀቱ ደግሞ «ቴምፕ1_ኢንፑት» (temp1_input) በሚባለው ይወጣል። ቁጥሩ በዲግሪ ሺኛ ነው፤ መጋዘኑ 23.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ 23500 ታያለህ። «ሴንሰርስ» የሚባለው ትእዛዝም አንተ ምንም ሳትጨምር ያነበዋል። ይቺ ብቻዋን ስንት ልፋት ታድንሃለች!

የስህተት ቆጠራው ለራስህ መፈተሻ ከሆነ ዲበግኤፍኤስ (debugfs) በሚባለው የድራይቨር ጸሐፊዎች መፈተሻ ቦታ ውስጥ ጣለው። እዚያ እንደፈለግክ ብትቀያይር የሚቆጣህ የለም። ግን የመጋዘኑ ሠራተኛ የሚጠቀምበት ፕሮግራም እሱን እንዳይጠብቅ። በአብዛኛው ለሩት (ሙሉ ሥልጣን ላለው ተጠቃሚ) ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ጭራሽ የሌለበት ማሽንም አለ።

ሙቀቱን በየሰከንዱ ከርነል ሎግ (የከርነሉ መልእክት መዝገብ) ላይ መለፍለፍማ፣ በእመቤቴ፣ እንዳታስበው።