ጸጉሬ ዙሪያ ያለው አረንጓዴ አልለቅ አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? እኔ የሒሳብ ማስተማሪያ ቪዲዮ እሰራለሁ። አረንጓዴ ጨርቅ ከኋላዬ ሰቅዬ በስልክ እቀርጽና ፕሪሚየር ፕሮ ላይ በአልትራ ኪይ ባክግራውንዱን አጠፋዋለሁ። ችግሩ ጸጉሬ ከርዳዳ ነው መሰለኝ ዙሪያውን አረንጓዴ ይቀራል፣ እሱን ላጥፋ ብዬ ቁጥሩን ስጨምር ደግሞ ጸጉሬ ተቆርጦ ኮፍያ ያደረግኩ ነው የምመስለው፣ እጄን ሳንቀሳቅስም ጣቶቼ ይጠፋሉ። ሶፍትዌር ልቀይር?

መልስ፦ ሶፍትዌሩን ለጊዜው ተይው እህቴ። አልትራ ኪይ ለዚህ ስራ በቂ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ብትሄጂ በነጻውም ቨርዥን ጥሩ ኪየር (የመረጥሽውን ቀለም የሚያጠፋ መሳሪያ) አለ፣ ግን ያንኑ ቪዲዮ ይዘሽ ስለምትሄጂ ጸጉርሽ እዛም መቆረጡ አይቀርም።

መጀመሪያ አልትራ ኪይ ውስጥ አውትፑት የሚለውን ከኮምፖዚት ወደ አልፋ ቻናል ቀይሪው። ምስልሽ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ ነጩ የሚቀረው ነው፣ ጥቁሩ የሚጠፋው፣ ግራጫው ደግሞ በከፊል የሚያሳልፈው። ፊትሽና ደረትሽ ላይ ግራጫ ካየሽ ሰውነትሽ እየሳሳ ነው ማለት ነው፣ ጨርቁ ላይ ግራጫ ጭጋግ ካየሽ ደግሞ ጨርቁ ገና አልጠፋም። የጸጉርሽ ጫፍ ላይ ግን ግራጫ መኖር አለበት! አንዷ ቀጭን ጸጉር ግማሽ ጸጉር ግማሽ ጨርቅ ስለሆነች ግራጫ ሆና ነው የምትታየው፣ ቁጥሩን ስትጨምሪ የጨረስሻትም እሷን ነው።

ስለዚህ ጥግ ጥግ ላይ ያለውን የጠቆረ ጨርቅ በኪይ ለማጥፋት አትታገዪ። ኦፓሲቲ ስር ባለው ፔን እጅሽ እስከሚደርስበት ድረስ ዙሪያሽን ሰፋ አድርገሽ ማስክ ስሪበት፣ ከዛ ውጪ ያለው በሙሉ ተቆርጦ ይወጣል፣ ኪዩ የሚቀረው ስራ አጠገብሽ ያለችውን ጨርቅ ብቻ ማጥፋት ነው። ቀለሙንም ስትመርጪ ከጸጉርሽ ጎን ካለው ጨርቅ ውሰጂ እንጂ ከጥግ አትውሰጂ። ከዛ ፔደስታልን ትንሽ ትንሽ እየነካሽ ጭጋጉን አጽጂ፣ ቾክን ግን ወደ ዜሮ መልሺው፣ ጠርዝ የሚበላው እሱ ነው።

ከዚህ በኋላም ጸጉርሽ ላይ አረንጓዴ ካለ እሱ ባክግራውንድ አይደለም፣ ከጨርቁ ነጥሮ አንቺ ላይ ያረፈ ብርሃን ነው፣ በኪይ ላጥፋው ካልሽ አብረሽ ራስሽን ነው የምታጠፊው። ስፒል ሰፕረሽን የሚባለው ክፍል የተሰራው ለዚህ ነው። ሲበዛ ጠርዙ ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ እዛ ጋ ሲደርስ መለስ አድርጊው።

ለሚቀጥለው ቀረጻ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ትሰሚኛለሽ ብባል ከጨርቁ ራቂ ነው የምልሽ፣ ከተቻለ 2 ሜትር ያህል። እኔ ሁለት ሌሊት ሙሉ ስታገለው የነበረ ቪዲዮ ነበር፣ ወንበሩን ወደ ፊት ስቤ እንደገና ስቀርጸው በአምስት ደቂቃ አለቀ። ክፍሉ ጠባብ ነው እንዳትዪኝ፣ ጨርቁ ፍሬሙን በሙሉ መሙላት የለበትም፣ ከኋላሽ ብቻ ካለ ሌላውን ማስኩ ይጨርሰዋል። ጨርቁን ተኩሺው፣ ለብቻው እኩል መብራት ስጪው። የጣቶችሽ ነገር የሻተር (ካሜራው ለአንድ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ጉዳይ ነው፣ ብርሃን ሲያንስ ስልኩ ሻተሩን ስለሚያዘገየው እጅሽ ይደበዝዝና ከአረንጓዴው ጋር ይቀላቀላል፣ መብራት ጨምረሽ ሻተሩን 1/100 ሰከንድ ወይም ከዛ የፈጠነ አድርጊው፣ ኤክስፖዠርና (የብርሃኑ መጠን) ዋይት ባላንስም (የቀለሙ ሚዛን) መሃል ላይ እንዳይቀያየሩ ሎክ ይደረጉ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ስልኮች በብዛት የሚቀርጹት በ4:2:0 ነው፣ ማለትም ለ4 ፒክስል 1 የቀለም መረጃ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ኪየር የሚሰራው በቀለም ስለሆነ ጸጉር ላይ የሚንገዳገደው ለዛ ነው። በ3840 በ2160 ቀርጸሽ 1920 በ1080 ሲክዌንስ (ኤዲት የምታደርጊበት ታይምላይን) ላይ አሳንሰሽ ብታስገቢው ጠርዙ በጣም ይሻላል። ፋይሉንም በኬብል አውርጂው፣ በሜሴጅ አፕ ለራስሽ ከላክሽው ተጨምቆ ቀለሙ ይበላሻል።

ጥያቄ፦ የድርጅታችን ዩኒፎርም አረንጓዴ ነው፣ ሌላ ልብስ መልበስ አልችልም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ሰማያዊ ጨርቅ ተጠቀም ወንድሜ፣ ኪየሩ ሰማያዊንም ያጠፋል። አረንጓዴ የተለመደው በአብዛኛው የካሜራ ሴንሰር ላይ የአረንጓዴ ፒክስሎች ቁጥር የቀዩም የሰማያዊውም እጥፍ ስለሆነና ምስሉ ጠራ ብሎ ስለሚወጣ ነው፣ ሰማያዊ ላይ ግን ኖይዝ (ምስሉ ላይ የሚታይ ነጠብጣብ) ይበዛል፣ ስለዚህ መብራቱን ጨመር አድርገው። ጂንስ እንዳትለብስ ብቻ።