በሩን ማን ከፈተላት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍላችሁ። የምጽፍላችሁ ከፍኖተ ሰላም ነው። አንድ ምናባዊ አጭር ልቦለድ ጽፌ ልኬላችኋለሁ። አንዲት ልጅ በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ትሳፈራለች። አባይ በረሃን ወርዳ፣ ድልድዩን ተሻግራ ደጀን ስትደርስ ዘመኑ 2015 ሆኖ ይጠብቃታል። ታሪኩ የሚያልቀው የእናቷን በር ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ ነው። ጓደኞቼ ግን «አውቶቡስ እንዴት 30 ዓመት ይዘላል? ደግሞስ በሩን ማን ከፈተላት? አልጨረስሽውም እኮ!» አሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ታሪክሽን ሁለቴ አነበብኩት። አውቶቡሱ እንዴት እንደዘለለ ለማስረዳት አትድከሚ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን የመለስን ሁሉ ጅብ እንዴት አማርኛ ቻለ ብለን ጠይቀን አናውቅም፤ ያቺ መልሳችን ውል ነበረች። እንግሊዛዊው ገጣሚ ኮልሪጅ በ1817 እ.ኤ.አ. አንባቢ ወዶና ፈቅዶ ጥርጣሬውን ለጊዜው ይተዋል ሲል የጻፈውም ይህንኑ ነው። ግን እግሩ ተሰብሯል የተባለው ጅብ ድንገት ሲሮጥ ብንሰማ ያኔ እንጮሃለን።

እኔን ከታሪክሽ ያባረረኝ ሻዩ ነው። ልጅቷ ደጀን ላይ ሻይ ጠጥታ የ1985ቱን 10 ብር ትሰጣለች፣ አስተናጋጇም ዝም ብላ ተቀብላ መልስ ትሰጣታለች። በ2013 ዓ.ም. ብር ሲቀየር ባንክ በር ላይ የተሰለፈ አንባቢ ይህን እንዴት ይለፈው? አስተናጋጇ ኖቱን ገልበጥ አድርጋ ትየው፣ ቀና ብላም የልጅቷን ፊት ትየው። 30 ዓመቱን ያኔ አምናለሁ።

ወደ በሩ ልምጣ። ያለሽው ጎጃም ነው፣ የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ አገር። ባለቅኔው ወርቁን አይነግርሽም፣ ግን ሰሙ ውስጥ አስቀምጦታል፤ ተማሪው ሲለፋ ያገኘዋል። አንቺ ጋ ግን እናትየዋ መጀመሪያ ላይ አንዴ ብቻ ተጠርታ ትጠፋለች፣ ስለዚህ ጓደኞችሽ ቢፈልጉም የሚያገኙት የለም። ቅር ያላቸው ለዚህ ይመስለኛል።

በሩን አትክፈቺው፣ እለምንሻለሁ! ይልቅ እናትየዋን ቀደም ብለሽ አሳይን፤ በሯን ሁሌም ገርበብ አድርጋ የምትተው ሴት ትሁን። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ስትደርስ ከጣሪያው ጭስ እየወጣ ነው፣ በሩ ግን ከውስጥ ተቀርቅሯል። እጇን ታንሳ። እዚያው ላይ ተይው።