ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቀኑ እንዴት ይውላል? ጥያቄና መልስ

ክብደት ለመቀነስ ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁም ለማድረግ ያሰባችሁም ጠይቁ። መልሶቹ በብዛት የሚሠሩትን ሁለቱን የሚመለከቱ ናቸው። ስሊቭ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ወጥቶ የቀረው እንደ ቱቦ የሚሰፋበት ነው። ባይፓስ ደግሞ ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ከረጢት ተለይታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር የምትቀጠልበት ነው፤ ምግብ የቀረውን ጨጓራና የአንጀቱን መነሻ ሳይነካ ያልፋል። መጠን ስጠቅስ ለአዋቂ የተለመደውን ነው። ሐኪማችሁ ደማችሁን አይቶ ሌላ ካዘዘ የእሱ ይቀድማል።

ጥያቄ፦ ደረቅ ምግብ የሚጀመረው መቼ ነው? አንዱ ሁለት ሳምንት ይላል፣ ሌላው ሁለት ወር።

የመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ውሃ፣ ስቡ የወጣለት ቀጭን መረቅ፣ ስኳር የሌለው ሻይ ብቻ ነው። ከዚያ እስከ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ወፈር ያለ ፈሳሽ፦ ስብ የቀነሰ ወተት፣ እርጎ፣ የፕሮቲን ዱቄት የተበጠበጠበት መጠጥ። ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት እንደ ሕፃን ምግብ የላመ ነገር፣ አምስተኛውና ስድስተኛው በሹካ ጫን ሲሉት የሚፈርስ ለስላሳ ምግብ። ተራ ምግብ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ይደረስበታል። ሆስፒታሎች በቀናት ይለያያሉ፣ በቅደም ተከተሉ ግን አይለያዩም።

"ምንም አላመመኝም" ብሎ ደረጃ መዝለል የተለመደ ስህተት ነው። በስቴፕል የተያዘው ስፌት የሚድነው በእነዚህ ሳምንታት ነው፤ አለማመሙ መዳኑን አይነግርም።

ጥያቄ፦ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ጠጡ ይሉናል። ሁለት ጉንጭ ስጠጣ ደረቴ ይጨነቃል። እንዴት ነው የሚቻለው?

በጉንጭ አይቻልም፣ በሰዓት ግን ይቻላል። 30 ሚሊ ሊትር የምትይዝ የመድኃኒት መለኪያ ኩባያ ይያዙና በየ15 ደቂቃው አንድ ኩባያ፣ እሷንም በሦስት በአራት ፉት ይበሏት። በሰዓት 120 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በ12 ሰዓት ተኩል አንድ ሊትር ተኩል ሞላ ማለት ነው። ቀዝቃዛው የሚጨንቀው ለብ ያለውን ይሞክር። ጋዝ ያለው መጠጥ ይቅር፣ አየሩ መውጫ ያጣል።

ተራ ምግብ ከተጀመረ በኋላ ውሃና ምግብ ይለያያሉ። ከምግብ 15 ደቂቃ በፊት መጠጣት ያቁሙ፣ ከበሉ በኋላም 30 ደቂቃ ይጠብቁ። አብረው ከገቡ ወይ ቦታ ጠፍቶ ያስመልሳል፣ ወይ ውሃው ምግቡን አጥቦ ያወርደውና ቶሎ ይርባል። ሽንት ጠቆር ካለና ሲነሱ ካዞረዎት ውሃ አንሶዎታል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመጀመሪያው ወር ሰዎችን ወደ ሆስፒታል ከሚመልሱ ነገሮች አንዱ ይኸው የውሃ ማነስ ነው።

ጥያቄ፦ መጥገቤን እንዴት አውቃለሁ? አንዳንዴ አንድ ጉርሻ ይበዛብኛል፣ ከዚያ እስከ ማታ ስቃይ ነው።

የድሮው "ሆዴ ሞላ" የሚለው ስሜት አይመጣም፤ የሚመጣው ከጡት አጥንት በታች ጫን የሚል ነገር ነው፣ እሱም ዘግይቶ። ቀድመው የሚመጡ ትንንሽ ምልክቶች አሉ፦ ድንገት ንፍጥ ይንጠባጠባል፣ ስቅታ ይይዛል፣ ያስነጥሳል ወይም ረዥም ትንፋሽ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ሰው ከእነዚህ አንዱ የራሱ ነው። እሱ ሲመጣ ሹካው ይቀመጥ፣ በሳህኑ ላይ የቀረው አንድ ጉርሻም ቢሆን።

አንድ የተቀቀለ እንቁላል ወስደን እንየው። ስምንት ቦታ ይቆረጣል። አንዱ ቁራጭ አፍ ይገባል፣ ሹካው ጠረጴዛ ላይ ይመለሳል፣ 20 ወይም 25 ጊዜ ይታኘካል፣ ይዋጣል፣ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከዚያ ሁለተኛው። እንቁላሏ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ወሰደች፣ የሰጠችውም 6 ግራም ፕሮቲን ነው። የቀኑ ግብ ከ60 እስከ 80 ግራም ስለሆነ በሳህኑ ላይ መጀመሪያ የሚበላው ሁልጊዜ እንቁላሉ፣ ሥጋው፣ ዓሣው ወይም ባቄላው ነው። ቦታ ከተረፈ አትክልት፣ አሁንም ከተረፈ ዳቦና ሩዝ። ከምግቡ ብዛት ይልቅ የሚያስቸግረው ፍጥነቱ ነው፤ ያው እንቁላል በአራት ደቂቃ ቢበላ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ የዶሮ ሥጋ ተሰንቅሮብኝ አፌ በነጭ አረፋ ምራቅ ተሞላ። ውሃ ብጠጣበት ባሰ።

ውሃ ከላይ ሲጨመር የሚሄድበት የለውም፤ ይመለሳል። እንዲህ ሲሆን መብላትም መጠጣትም ያቁሙ፣ ተነሥተው ቀስ ብለው ይራመዱ፣ ምራቁን ይትፉ። አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ይወርዳል ወይም ይወጣል። የሚሰነቀሩት የታወቁ ናቸው፦ የደረቀ የዶሮ ደረት፣ ተመልሶ የሞቀ ሥጋ፣ ትኩስ ዳቦ፣ ተጣብቆ የሚበስል ሩዝ። መረቅ ያለበት ይሻላል።

ምራቅ እንኳ መዋጥ ካልተቻለና ለሰዓታት ከቆየ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። በባይፓስ ደግሞ ከአራተኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ ትናንት ያልፍ የነበረ ለስላሳ ምግብ ዛሬ አላልፍ ካለ፣ ከረጢቷና አንጀቱ የተቀጠሉበት መገጣጠሚያ ጠቦ ሊሆን ስለሚችል ኢንዶስኮፒ (በአፍ የሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ) ያስፈልጋል፤ የጠበበው በዚያው በምትነፋ ትንሽ ፊኛ ይከፈታል። "ብዙ በልቼ ይሆናል" እያሉ ወር መቆየት አያዋጣም።

ጥያቄ፦ የቪታሚኑ ብዛት! ሁሉንም ጠዋት አንዴ ብውጠው ምን ችግር አለው?

ግማሹ ገንዘብዎ በከንቱ ይሄዳል። ካልሲየምና ብረት አንጀት ላይ ይሻማሉ፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። ካልሲየም ራሱ በአንዴ ከ500 እስከ 600 ሚሊ ግራም በላይ በደንብ አይገባም፣ የቀኑ ድምር ግን ከ1200 እስከ 1500 ነው። ስለዚህ ለሁለት ወይም ለሦስት መከፈሉ የግድ ነው። ዓይነቱ ሲትሬት ይሁን፤ ካርቦኔቱ ለመሟሟት የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል፣ ያ አሲድ ደግሞ አሁን ቀንሷል።

የሚሠራ አከፋፈል ይህን ይመስላል፦ ጠዋት 1 ሰዓት መልቲቪታሚንና ቢ12፣ 4 ሰዓት ካልሲየም፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ካልሲየም፣ ማታ ሲተኙ ብረት። የወር አበባ ለምታይ ሴትና ባይፓስ ወይም ስሊቭ ላደረገ ሰው ብረቱ በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም ነው፤ መልቲቪታሚኑ ውስጥ ያለውም ይደመራል። መልቲቪታሚኑ ብረት ካለው እሱም ከካልሲየሙ ጋር እንዳይገጥም ማሸጊያው ይነበብ። ብረት በሻይ ወይም በቡና አይዋጥም። ቢ12 በአፍ ከሆነ በቀን ከ350 እስከ 1000 ማይክሮ ግራም፣ በመርፌ ከሆነ በወር 1000። ቪታሚን ዲ በቀን 3000 ዩኒት አካባቢ ይጀመርና በደም ምርመራ ይስተካከላል። እንደ ከረሜላ የሚታኘኩት መልቲቪታሚኖች ያምራሉ፣ ብዙዎቹ ግን ብረት የላቸውም።

ጥያቄ፦ ዓመት ሞላኝ፣ ደሜ ሁሉ ደህና ነው ተባልኩ። ቪታሚኑን ላቁም?

አይቁም። ደህና የሆነው ስለሚውጡት ነው። ጉበት ቢ12ን ለዓመታት ያጠራቅማል፤ ዛሬ ቢያቆሙ እግርዎ የሚደነዝዘው ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል፣ ነርቭ ከተጎዳ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ምርመራው በ3፣ በ6፣ በ12 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ፣ ዕድሜ ልክ።

ጥያቄ፦ አይስክሬም በልቼ በሩብ ሰዓት ውስጥ ልቤ ደለቀ፣ አላበኝ፣ ተቅማጥ ሆነ። አለርጂ ነው?

ዳምፒንግ የሚባለው ነው፣ በባይፓስ ይበዛል። ስኳሩ ወደ ትንሹ አንጀት ባንዴ ሲደፋ አንጀቱ ከደም ውሃ ይስባል፤ ልብ መምታቱ፣ ላቡና ቁርጠቱ ከዚያ ነው። ከበሉ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ይጀምራል። ጋደም ይበሉ፣ ያልፋል።

ሌላ ዓይነትም አለ፣ እሱ የባሰ ያሳስባል። ከበሉ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት በኋላ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ መደነጋገር ይመጣል። ጣፋጩ የደም ስኳርን አውጥቶ ኢንሱሊን በብዛት ስላስረጨ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዷል። ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው ዓመት ገደማ በኋላ ነው የሚጀምረው። በዚያ ሰዓት በመለኪያ ይለኩ። ዝቅ ካለ ጥቂት ስኳር ይውሰዱ፣ ወዲያው ፕሮቲን ያስከትሉ፤ በስኳር ብቻ ከተዉት ቆይቶ ይደግመዋል። ራስ ያሳተ ወይም የተደጋገመ ከሆነ መኪና አይንዱ፣ ሐኪም ይዩ።

ጥያቄ፦ ፀጉሬ በእፍኝ ይወጣል። አራተኛ ወሬ ነው። ባዮቲን ልጀምር?

ሦስተኛው አራተኛው ወር የታወቀ ጊዜው ነው። ቀዶ ሕክምናውና ፈጣኑ ክብደት መቀነስ የፀጉር ሥሮችን ባንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ስለሰደዳቸው ነው፤ ሥሩ አልሞተም፣ በወራት ውስጥ ይመለሳል። ባዮቲን እጥረት ለሌለው ሰው ጥቅሙ አልታየም፣ በብዛት ሲወሰድ ደግሞ የታይሮይድ ምርመራን ያዛባል። ገንዘቡን ለፕሮቲን ያውሉት። ከዓመት ካለፈ ወይም ዘግይቶ ከጀመረ ፌሪቲን (የብረት ክምችት) እና ዚንክ በደም ምርመራ ይታይ።

ጥያቄ፦ ለራስ ምታት አይቡፕሮፌን እወስድ ነበር። የስኳርና የደም ግፊት ኪኒኖቼስ?

አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ እና መሰሎቻቸው ከባይፓስ በኋላ የተከለከሉ ናቸው፤ መገጣጠሚያው ላይ ቁስል ያወጣሉ፣ ቁስሉም ሊደማ ወይም ሊበሳ ይችላል። ሲጋራም ያንኑ ያደርጋል። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይበቃል። ጉንፋን ማስታገሻ ሲገዙ ውስጡ ምን እንዳለ ያንብቡ፤ አይቡፕሮፌን በብዙዎቹ ውስጥ ተደብቆ አለ።

ኢንሱሊንና እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መቀነስ አለባቸው፤ ምግቡ ሲያንስ በድሮው መጠን ስኳርን አደገኛ ዝቅታ ላይ ይጥላሉ። ውሃ የሚያስሸና የግፊት መድኃኒትም በፈሳሽ ሳምንታት ያዞራል። ይህ ከሆስፒታል ሳይወጡ በጽሑፍ መሰጠት ያለበት ነገር ነው፤ ካልተሰጠዎት ይጠይቁ። ቀስ እያለ እንዲለቀቅ የተሠራ ኪኒን ደግሞ አይፈጭም፤ የቀኑ መጠን ባንዴ ይለቀቃል።

ጥያቄ፦ እህቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ እያስመለሳት ነው። "የተለመደ ነው" እያለች አልጋ ላይ ናት።

ዛሬ ሐኪም ቤት ትሂድ። ሰውነት የሚያጠራቅመው ታያሚን፣ ማለትም ቪታሚን ቢ1፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢያደርስ ነው። ሲያልቅ አንጎልን ይጎዳል፦ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ መርሳትና መደነጋገር። ከዘገየ አይመለስም። አብሯት የሚሄደው ሰው ሁለት ነገር ይናገር፦ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገላት፣ እና ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ታያሚን በመርፌ እንዲሰጣት። ግሉኮስ ቀድሞ ከገባ የቀረችውን ታያሚን ይጨርሳል።

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ሳምንት ላይ ክብደቴ ቆመ። አልሠራልኝም ማለት ነው?

አይደለም። የመጀመሪያው ቅነሳ አብዛኛው ውሃ ነበር፣ አሁን ውሃው እየተመለሰ ስለሆነ ሚዛኑ ይቆማል። በሳምንት አንዴ ብቻ ይመዘኑ።

ጥያቄ፦ እርግዝና መቼ ይቻላል?

ከ12 እስከ 18 ወር ይጠበቃል፤ ክብደት በፍጥነት በሚወርድበት ጊዜ ፅንሱ የሚበቃውን አያገኝም። ችግሩ ግን ያለ ዕቅድ የሚመጣው ነው፦ ክብደት ሲቀንስ የወር አበባ ይስተካከላል፣ ለዓመታት ያልፀነሰች ሴት በወራት ውስጥ ልትፀንስ ትችላለች። ከባይፓስ በኋላ የሚዋጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ አያስተማምንም፤ ሉፕ ወይም በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ይሻላል። ካረገዙም ለስኳር ምርመራ የሚሰጠው ጣፋጭ መጠጥ ዳምፒንግ ስለሚያመጣ፣ በምትኩ ለአንድ ሳምንት ያህል ቤት ውስጥ በጣት ደም መለካት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ሥራ፣ ዕቃ ማንሳት፣ የተንጠለጠለው ቆዳ?

የቢሮ ሥራ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ የጉልበት ሥራ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት። እስከዚያ ከ5 ኪሎ በላይ አይነሣም፣ ልጅንም ጨምሮ። መራመድ ግን ከዚያው ቀን ጀምሮ፤ እግር ላይ ደም እንዳይረጋ። ቆዳው በስፖርት አይመለስም። የሚቆርጡትም ክብደቱ ቢያንስ ስድስት ወር ከረጋ በኋላ ነው። እስከዚያ እጥፋቱን ከታጠቡ በኋላ በደንብ ያድርቁት።

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ስድስት ኪሎ ጨመርኩ። ጨጓራዬ ተለጥጦ ይሆን?

ሁሉም የሚጠረጥረው እሱን ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ዝቅተኛው ክብደት ከ12 እስከ 18 ወር ላይ ይደረሳል፣ ከዚያ ጥቂት መመለሱ የተለመደ ነው። ሐኪም ጋ ከመሄድዎ በፊት ለሰባት ቀን አፍዎ የገባውን ሁሉ ከነሰዓቱ ይጻፉ። ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ይገኛል፦ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ መቀማመስ፣ ወይም ጨጓራ ሳይዘው የሚያልፍ ጣፋጭ ፈሳሽ። አልኮልም እዚያው ይቆጠራል፤ ከባይፓስ በኋላ ባነሰ መጠን በፍጥነት ደም ውስጥ ይገባል፣ የሱስ አደጋውም በተለይ ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ከዓመታት በኋላ ለሚመጣ የሆድ ሕመም መቼ ልደንግጥ?

ባይፓስ ያለው ሰው እየመጣ የሚሄድ፣ ከበላ በኋላ የሚብስ ከባድ ቁርጠት ከያዘው አይጠብቅ። ክብደት ሲቀንስ በአንጀት መካከል ክፍተት ይፈጠርና አንጀት በዚያ ሾልኮ ሊታነቅ ይችላል፤ ሲቲ ስካን ንጹሕ መስሎ ሊያሳየውም ይችላል። ስለዚህ "ባይፓስ አለኝ" የሚለው ቃል ከሕመሙ ገለጻ በፊት ይነገር። በቀኝ ጎድን ሥር፣ ስብ ከበሉ በኋላ ከሆነ የሐሞት ጠጠር ይጠረጠራል፤ ለዚህ ነው ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ 300 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ የሚታዘዘው። ጥቁር እንደ ሬንጅ ያለ ሰገራ ካዩ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ከሕመሙ ይልቅ የልብ ምትን ይቁጠሩ፦ ተቀምጠው ሳለ ከ120 በላይ ሆኖ ከቆየ፣ ትኩሳት ባይኖርም፣ ስፌቱ አፍስሶ ሊሆን ይችላል።