«ኳተነ» በ«አዘገመ» ይተካል?

ጥያቄ፦ «ሥራ ፍለጋ ስኳትን ዋልኩ» ብዬ ጽፌ አራሚው «ሳዘግም ዋልኩ» አደረገልኝ። ሁለቱም በድካም መሄድ አይደሉም ወይ?

መልስ፦ እርማቱ የሐሳቡን ፍሬ አጥፍቶታልና የመጀመሪያውን ይመልሱት። «አዘገመ» የሚናገረው ስለ አካሄድ ነው። እግሩ ቀስ ብሏል፤ ምክንያቱ ድካም፣ እርጅና ወይም አለመቸኮል ሊሆን ይችላል። «ወደ ቤቱ አዘገመ» ስንል የሚታየን እርምጃው ነው። «ኳተነ» ግን ስለ እርምጃው ፍጥነት ምንም አይልም። ሰው እየሮጠም ሊኳትን ይችላል። ቃሉ የያዘው አንድ ነገር ለማግኘት ወይም ለማድረስ ከወዲያ ወዲህ ሲሉ መልፋትን ነው። ስለዚህ «ጥቂት እርምጃ ኳተነ» ለጆሮ ይጎረብጣል፤ «ሲኳትን ዋለ»፣ «ሲኳትን ከረመ»፣ «ስትኳትን ኖረች» ግን ቦታቸውን ያገኛሉ። ጊዜና ድግግሞሽ ይፈልጋል።

ዓላማ መኖሩም ከ«ባዘነ» ይለየዋል። የሚባዝን ሰው የሚሄድበትን አያውቅም፤ የሚኳትን ያውቃል፣ ነገሩ አልሞላለት ብሎ ነው እንጂ። «ተንከራተተ» ደግሞ መጠጊያ ማጣትንና እንግልትን ያጎላል። ጭቃ ወይም ውሃ እግር ይዞ ሲያስቸግር «ዳከረ» የተሻለ ነው፦ «በጭቃው ውስጥ ሲዳክር መሸበት»። «ደከመ»ን ስለሚመስል ብዙዎች ከአንድ ሥር የወጣ ይመስላቸዋል፤ ግን የአንዱ መጨረሻ «ረ»፣ የሌላው «መ» ነው።

«ኳተነ» መራመድ ሳይኖርም ይሠራል። «ለልጆቿ ስትል ትኳትናለች» ቢባል፣ ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ከአንድ ወንበር ባትነሣም ያስኬዳል። የተናጋሪው ስሜት አብሮ መግባቱን ግን አይርሱ። «የት ስትኳትኚ ዋልሽ?» ውስጥ ሐዘኔታም ወቀሳም አለ፤ «ምን ያኳትንሃል?» ውስጥ ደግሞ «ይቅርብህ» የሚል ምክር። በዚህ የተነሣ ስሜት በማይገባበት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ «ተመላለሰ» ቢባል ይሻላል።

አጻጻፉ ላይ ስሕተት የሚበዛው እርባታው ላይ ነው። ግሡ እንደ «ባረከ» ይረባል፦ ባረከ፣ ይባርካል፣ ባርኮ፤ ኳተነ፣ ይኳትናል፣ ኳትኖ። «ሲኳተን ዋለ» ብሎ መጻፍ ግን «ይባርካል» ለማለት «ይባረካል» እንደ ማለት ነው፤ አድራጊው ተደራጊ ይመስላል። «ት» ሳድስ ትሁን። ለሴት ሲነገር «ን» ወደ «ኝ» ትለወጣለች፦ ትኳትኛለሽ። አድራጊውም «ኳታኝ» ነው። የመጀመሪያው ፊደል «ኳ» እንጂ «ቋ» አይደለም፤ «ኩዋ» ብሎ ለሁለት መክፈልም አያስፈልግም።